ወታደርና ማኅደሩ

እርሳስ በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ተማሪ ጆሮው ላይ የሚሰካው መጻፊያ፣ ሌላው በትንሽ እሳት የሚቀልጠው ከባዱ ግራጫ ማዕድን። ቃሉ የዐረብኛው ረጻጽ ነው። አማርኛ ቃልን በ«ረ» መጀመር ስለማይመቸው ከፊቱ «እ» አስቀደመለት፤ ሩቅን «እሩቅ»፣ ራስን «እራስ» እንደሚለው ሁሉ። የተማሪው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው። ስሙ የተረፈው ሰው ግራፋይትን የእርሳስ ዓይነት አድርጎ ይቆጥር ከነበረበት ዘመን ነው። እናም «የእርሳስ ወታደር» ሲባል ልጅ በወረቀት ላይ የሣለው ይሁን ባለ እጅ አቅልጦ ያወጣው፣ ከቃሉ ብቻ አይለይም። እኔ የያዝኩት ሁለተኛውን ነው፤ ጣት የሚያህለውን፣ ቀለም የተቀባውን፣ አዋቂ ሰዎች አገር አቋርጠው የሚሰበስቡትን ትንሽ ወታደር።

ግዕዝ ለዚሁ ማዕድን የራሱ ቃል አለው፦ ዐረር። በኦሪት ዘጸአት የፈርዖን ሠራዊት ባሕር ውስጥ ሲሰጥም በዐረር ተመስሏል። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲወርድ ዐይኑ ላላና አረር ሆነ፤ ትርጉሙም ከማዕድኑ ወደ ጥይቱ ተሻገረ። ዛሬ አረር ያለ ሰው የጦር ሜዳ እንጂ የማዕድን ጉድጓድ አይታየውም። ለትንሹ ወታደር ግን ሁለቱም ትርጉሞች ይሠራሉ፤ ገላው ከዐረር ነው፣ የሚፈራውም አረር ነው።

የሙያው ትልቁ ብልሃት የተገኘው ለንደን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ታናሹ ዊልያም ብሪቴይን የቀለጠ እርሳስ ወደ ቅርጽ ማውጫው ያፈስና፣ ከዳር ያለው ሲረጋ መሐል ያለውን መልሶ ይደፋዋል። የሚቀረው ውስጠ ባዶ ወታደር ነው፤ ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋውም ርካሽ። (ብሪቴይን የቤተ ሰቡ ስም ነው፤ ከአገሩ ስም መግጠሙ የአጋጣሚ ነገር ነው።) ንጹሕ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ አንቲሞኒ ይቀላቀልበታል። አንቲሞኒ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የኩል ማዕድን ነው። ግዕዙ ኵሕል ይለዋል፤ አማርኛ «ሕ»ን ውጦ ኩል አለው። የሴት ዐይን የሚያጠቁረው ማዕድንና የትንሹን ወታደር ጠመንጃ እንዳይጎብጥ የሚያጠነክረው አንድ ዘር ናቸው።

ጀርመኖች ሌላ መንገድ አላቸው። የእነሱ ወታደር ጠፍጣፋ ነው፤ ስሙም ከእርሳስ ሳይሆን ከቆርቆሮ ይነሣል፣ «ሲንፊጉር»፣ የቆርቆሮ ምስል። በባቫርያ የምትገኘው ኩልምባኽ የነዚህ ምስሎች መዲና ናት። ፕላሰንቡርግ በሚባለው ግንብ ውስጥ ከ300,000 በላይ ትንንሽ ምስሎች የያዘ ሙዚየም አለ፤ በየሁለት ዓመቱም ሠሪዎችና ሰብሳቢዎች ከየአገሩ መጥተው ይገበያያሉ።

የእኛ ሰው ወደዚህ ዓለም የገባው በክፉ ቀን ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ጋዜጣውን ሁሉ ሲሞላው፣ የለንደኑ የብሪቴይን ድርጅት የንጉሠ ነገሥቱን ዘበኛና ባላገር ተዋጊን በእርሳስ አውጥቶ ለገበያ አቀረበ። የአውሮፓ ልጅ ጦርነቱን ጠረጴዛ ላይ ተከታተለው። ያ ወታደር ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ውድ ነው። ስም ግን አልነበረውም፤ የነበረው «አቢሲኒያ» የሚል የሣጥን ጽሑፍ ነው። አቢሲኒያ ራሱ የዐረብኛው ሐበሻ በላቲን አፍ የተጎሳቆለ ነው። የኢዛና ድንጋይ በግዕዙ በኩል ሐበሠት ያለውን ሕዝብ በግሪኩ በኩል ኢትዮጵያውያን ብሎታል። ይህ ሁሉ ታሪክ ያለው ስም በሣጥን ክዳን ላይ ሲታተም የአንድ አሻንጉሊት ዓይነት መለያ ሆኖ ቀረ።

ከአዲስ አበባው መገናኛ አንድ ባለ እጅ ተነሥቶ የአድዋን ሠራዊት በሣጥን ይዞ ወደ ኩልምባኽ ወይም ወደ ለንደን ቢሄድ፣ ከሰብሳቢዎቹ ጋር ምን ይዞ ይገናኛል? እርሳስና ቀለም እዚያም ሞልቷል። እዚያ የሌለው የእያንዳንዱ ወታደር ስም ነው። ከእግሩ ሥር የሚጻፈው ቃል «ጄኔራል» ወይም «የጎሣ ተዋጊ» ከሆነ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም የእኛ የጦር ቃላት ራሳቸው ሥዕል ናቸው። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን የት እንደሚያድር፣ ማን ማንን እንደሚመስል ይናገራሉ።

ከራሱ ከወታደር እንጀምር። በልማድ የሚፈታው «ወጥቶ አደር» ተብሎ ነው፤ ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ የሚያድር። ቤተ ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ሠርቶ አደር፣ ወዝ አደር፤ ይህ የመጨረሻው በአብዮቱ ዘመን ወዛደር ሆኖ ገነነ። በአማርኛ ሰው በሥራው የሚጠራው እንዴት ሌሊቱን እንደሚያነጋ ተጠይቆ ነው። «አደረ» በግዕዝ ኀደረ ነው፤ አደረ፣ ኖረ፣ ተቀመጠ ማለት። ከዚሁ ከኀደረ የወጣ ሌላ ቃል አለ፦ ማኅደር። የዳዊት መያዣው የቆዳ ኮሮጆ ማኅደር ነው፤ የቢሮ ፋይልም ዛሬ ማኅደር ይባላል። ለማደሪያ የሚሆን ሁሉ ማኅደር ነውና የትንሹ ወታደር ሣጥንም ማኅደር ቢባል ተገቢ ስሙ ነው። ወታደርና ማኅደር የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ውጭ አዳሪ፣ አንዱ ማሳደሪያ።

አውሮፓዊው ባልንጀራው ስሙን ያገኘው ከሌላ ቦታ ነው። «ሶልጀር»፣ «ሶልዳት»፣ «ሶልዳቶ» ሁሉም ከሮማው የወርቅ ገንዘብ ከ«ሶሊዱስ» ይወለዳሉ፤ በገንዘብ ያደረ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገለበጠ። ሰውየው ከገንዘብ አልተሰየመም፤ ገንዘቡ ከሰውየው ተሰየመ። ደሞዝ ሲጻፍ ደመ ወዝ ነው፦ የደም ወዝ። ይህን ለአንድ ሰብሳቢ ብትነግሩት የያዘውን ምስል ሁለተኛ ጊዜ ያየዋል።

ከወታደር በፊት ጨዋ ነበረ። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ የጦር ክፍል ጨዋ ይባል ነበር፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየጠረፉ ያሰፈሩት ጦር ጨዋ ነው። የቃሉ ሥር የግዕዙ ጼዋ ነው ይላሉ ሊቃውንት፤ ጼዋ ማለት ምርኮ፣ ምርኮኛ። ምርኮኛው የንጉሥ ወታደር ሆነ፣ ወታደሩ ርስትና ክብር አገኘ፣ ባለ ክብሩ ልጆቹን በሥርዓት አሳደገ፣ በመጨረሻም «የጨዋ ልጅ» ማለት በሥርዓት ያደገ ማለት ሆነ። ከሰንሰለት ተነሥቶ እስከ ምግባር የተጓዘ ቃል ነው፤ አማርኛ ውስጥ ከዚህ የሚደነቅ የትርጉም ጉዞ ብዙ አላውቅም። ጨዋታንም እዚህ ለማስገባት ያጓጓል። ግን አይሆንም፤ የተጫወተ ሥር ጨ፣ ወ፣ ተ ነው፣ «ተ» ከሥሩ ናት። ጨዋ ውስጥ «ተ» የለችም።

ሐራ ደግሞ ከላይ ወደዚያው ይወርዳል። በግዕዝ ሐራ ጭፍራም ሠራዊትም ነው፤ ሐራዊ ግን ነጻ የተወለደ፣ ባለ ክብር ሰው ነው። ሓርነት ከዚያው ሥር ነው። በኢዛና ድንጋዮች ላይ ሠርዌ ሐራ የሚል የጦር ክፍል ተጠቅሷል። (ሠርዌ ነጠላው፣ ሠራዊት ብዙው ነው፤ «ሠራዊቶች» የሚል ሰው በብዙ ላይ ብዙ ይጨምራል።) አንዱ ቃል ከነጻነት፣ አንዱ ከምርኮ ተነሥተው አንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ሁለቱንም በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ለሚፈልግ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አሉ። በእምባቦ ጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡ፣ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑ ሰው።

አሁን ወደ ሣጥኑ ዋና ክፍል፣ ወደ አሰላለፉ እንምጣ።

ሰፈር የሚለውን ቃል የአዲስ አበባ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ይጠራዋል። ሰፈረ ማለት ጦር ድንኳን ተከለ ማለት ነው። ሰፈረ ማለት እህል ለካም ማለት ነው፤ መስፈሪያ ከዚህ ይወጣል። በግዕዝም ሰፈረ ለካ ነው። ድንኳን የሚተከለው ቦታ ተለክቶ፣ ለየሹሙ ተከፍሎ ነውና ሁለቱ ትርጉሞች አይራራቁም። ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው ከተማቸውን በ1879 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ የመጣው ይኸው የጦር ሰፈር ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ የባለ እጆቹ ሠራተኛ ሰፈር። ድንኳኑ ቤት ሆነ፤ ስሙ ሳይነቀል ቀረ።

የሰፈሩ መሐል የንጉሡ ድንኳን ነው። ከዚያ ተነሥታችሁ ቃላቱን ብቻ ብትከተሉ ወታደሮቹን በየቦታቸው ታቆማላችሁ። ከፊት ፊታውራሪ ነው፦ ፊት እና አውራሪ፣ ከወረረ። ከፊት ሆኖ የሚያስወርር፤ ፊታውራሪ ገበየሁ አድዋ ላይ የወደቁት በዚህ ቦታ ነው። በቀኝ ቀኛዝማች፣ በግራ ግራዝማች። ከድንኳኑ በር ደጃዝማች፦ ደጅ እና አዝማች። አዝማች ከዘመተ ነው፤ በግዕዝ ዘመተ ዘረፈ፣ ማረከ ነበር፣ ዘመቻ ውስጥ ግን ዘረፋው እየደበዘዘ ጉዞው ቀረ። ደጅ የጠና ሰው የሚጠናው ያንኑ የንጉሥ ደጅ ነው፤ ደጃዝማች ግን ደጁን አይጠናም፣ ያዘዋል። ከኋላ ደጀን። አምባውን የያዘው ባላምባራስ ነው፤ ባለ አምባ ራስ። ከሁሉም በላይ ራስ፤ ትርጓሜ አያሻውም። አውሮፓዊው ኮሎኔል ስሙ ከተራ የሰው አምድ ይወጣል፣ የት እንደሚቆም ግን አይነግራችሁም። የእኛው ሹም በስሙ ብቻ ተፈልጎ ይገኛል።

ከዚህ ጋር አንድ ሹመት አለ፣ ለትንሽ ምስል ሠሪ የተፈጠረ የሚመስል። ሊቀ መኳስ። በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ የንጉሡን መሰል ፈረስ ተቀምጦ አጠገባቸው የሚቆም፣ ጠላት የትኛው ንጉሥ እንደሆነ እንዳይለይ ራሱን ለአረር የሚሰጥ ሰው ነው። ሊቀ መኳስ አባተ ቧያለው ከነዚህ የታወቁት ናቸው። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሦስት ሰዎች ቢገኙ ሰብሳቢው ሠሪው የተሳሳተ ይመስለዋል። አልተሳሳተም፤ ሦስቱ እንዲመሳሰሉ የተፈለገ ነው።

መምሰልን ካነሣን ምስል የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ነው። ሰብሳቢዎች በእጃቸው የያዙትን አሻንጉሊት ማለት ደስ አይላቸውም። አሻንጉሊት ለልጅ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ «አሻንጉሊት መንግሥት» የሚል ክፉ አነጋገር አለበት። ምስል ይሻላል። ከመሰለ ነው፤ ምሳሌም፣ አምሳልም ወንድሞቹ ናቸው። ከዚሁ ሥር አንድ ሹም አለን፦ ምስለኔ፣ ማለት ምስለ እኔ። ባላባቱ ወይም ገዢው በሌለበት ቦታ እኔን መስሎ የሚቆም። እንደራሴም እንዲሁ ነው፤ እንደ እኔ ራስ። ሊቀ መኳስ፣ ምስለኔ፣ እንደራሴ፤ መንግሥቱ ራሱ በምስል ይሠራ ነበር ማለት ነው።

በቁጥር የተሰየሙት ማዕረጎች አጭር ናቸው፣ እኔም ላሳጥር። ሻለቃ የሺ አለቃ ነው። ሻምበል የሺ አምበል ተብሎ ይፈታል፤ አምበልን ዛሬ ከእግር ኳስ ሜዳ ውጭ የሚያነሣው የለም። መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ ግልጽ ናቸው። ቁጥሩ ግን ከቃሉ ሸሽቷል። የዛሬው ሻምበል የሚያዘው ሺ አይደለም፣ መቶ አለቃውም መቶ የለውም።

ፈረሰኛው ሌላ ነው። አውሮፓ ፈረሰኛን በክፍለ ጦሩ ቁጥር ይጠራል፤ እኛ በፈረሱ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። ዳኘው ከዳኘ ነው፤ ግዕዙ ደየነ፣ ፈረደ። «የ»ና «ነ» ተጋጭተው «ኘ» ወለዱ። ቃኘውም ከቃኘ ነው፤ ከግዕዙ ቀነየ፣ ማለት ገዛ፣ አስገዛ፣ ጋር ይዛመዳል፤ እዚህም «ነ»ና «የ» ቦታ ተለዋውጠው ያችኑ «ኘ» ሰጡ። «ኘ» በግዕዝ ፊደል የለችም፤ በ«ነ» ላይ መስመር ተሰምሮባት የተወለደች የአማርኛ ልጅ ናት። ቃኘ ብዙ ነገር ይይዛል፦ ክራር ቃኘ፣ አገር ቃኘ። ቅኝትም የዜማው ነው፣ የሰላዩም ነው። ቅኝ ግዛትም ቅኔም ከዚያው ከቀነየ ይመዘዛሉ። በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ቃኘው የተባለው በራስ መኮንን ፈረስ ነው። የሐረርጌው ገዢ ፈረስ ስም ፑሳን ወደብ ወረደ። የፈረሰኛ ምስል የሚሠራ ሰው እንግዲህ ከሥሩ ሁለት ስም ይጽፋል፤ የፈረሱ ስም ግን ይቀድማል።

ወደ መገናኛ ቀረብ እንበል፤ የካ ክፍለ ከተማ የጦር ቃል ሞልቶታል። ባልደራስ የንጉሡ ፈረሶች ኃላፊ ማዕረግ ነው፣ ዛሬ ሰፈር ነው። ሲግናል የሚባለውም ሰፈር ስሙ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ በአማርኛ የጦር ቋንቋ ሲግናል የሚባለው የሙያ ክፍል «መገናኛ» ነው። ስለዚህ ከሲግናል ወደ መገናኛ የሚወርድ ሰው በቋንቋ ካየነው ካንድ ቃል ወደዚያው ቃል ነው የሚሄደው። መገናኛ ላይ ደግሞ ማታ ማታ ሰልፍ አለ። ሰልፍ በግዕዝ የጦር ረድፍ፣ የውጊያ ድርድር ነው፤ በቀድሞው አማርኛም ሰልፍ ገባ ማለት ውጊያ ገባ ማለት ነበር። ወደ ኮተቤና ወደ አያት ታክሲ የሚጠብቀው ሕዝብ የቆመው በዚያ ቃል ውስጥ ነው።

ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ብትሳፈሩ ቀጥሎ የምታገኙት ጉርድ ሾላ ነው። ሾላዋ ተጎርዳለች፤ ጎረደ፣ ቆረጠ። ከዚሁ ግሥ ጎራዴ ይወጣል፣ ቆራጩ ብረት። ከዚሁ ጉርድ ቀሚስ። ከዚሁም ጉርድ ፎቶ፦ ከደረት በላይ የተቆረጠ ምስል፣ ፓስፖርት ለማውጣት የሚጠየቀው። አገር ሊሻገር የተነሣው ሠሪ ጉርድ ፎቶ አንሥቶ፣ ጎራዴ የታጠቀ ወታደር ይዞ፣ በጉርድ ሾላ በኩል ሲያልፍ ሦስት ጊዜ አንድ ግሥ ረግጧል።

በወታደሩ እጅ ያለው ሌላው መሣሪያ ግን አብዛኛው እንግዳ ነው። ጠመንጃ የቱርኮች «ታባንጃ» ነው፤ በእነሱ ቋንቋ ሽጉጥ። በዐረብኛ በኩል አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ ረዘመ። ሰው ግን ባዕድ ቃል ዝም ብሎ አይቀበልምና «ጠብ መንጃ» ብሎ ይፈታዋል፤ ውብ ነው፣ እውነት ግን አይደለም። ጠብ ራሱ የጠራ የእኛ ነው፦ የግዕዙ ጸብእ፣ ጦርነት። መድፍ የዐረብኛው «ሚድፋዕ»፣ ዝናር የዐረብኛው «ዙናር»፣ ባንዲራ የጣልያኑ «ባንዲየራ»። ነፍጥ ከሩቅ መጣ፤ በዐረብኛ ነፍጥ የሚነድ ዘይት ነበር፣ ከዚያ ባሩድ፣ ከዚያ የጦር መሣሪያ ሆነ። ነፍጠኛ ነፍጥ ያዥ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቃሉ የተሸከመውን ቁስል እያየሁ ያንን የመጀመሪያ ትርጉሙን ማስታወስ እወዳለሁ። ሽጉጥ ግን አገርኛ ነው፤ ከሸጎጠ፣ በጉያ የሚሸጎጥ። ጋሻም አገርኛ ነው፤ ለወታደሩ በደሞዝ ፈንታ የሚሰጠው መሬትም ጋሻ ይባል ነበር፣ ወደ 40 ሄክታር። ትንሹ ወታደር በግራ እጁ የያዘው እንግዲህ መከላከያውም ርስቱም ነው።

ስለ ሠሪውም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ከወታደሩ ይልቅ የቆረቆረኝ የእሱ ቃል ነው።

ቅርጽ ከግዕዙ ቀረጸ ነው፤ ቆረጠ፣ ፈለፈለ። ግዕዙ «ጸ» ያለውን አማርኛ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይለዋል፤ ጸጉርን ጠጉር፣ ጾምን ጦም። ቀረጸም ቀረጠ ሆነ፤ ከሰው ገንዘብ ቆርጦ የሚወሰደው ቀረጥ ከዚህ ነው። አድራጊው በግዕዝ ቀራጺ፣ በአማርኛ ቀራጭ። ወንጌላዊው ማቴዎስ ቀራጭ ነበር፤ ምስል የሚያወጣው ቀራጺ ነው። ቦሌ ጉምሩክ ላይ ቀራጺው ሣጥኑን ሲከፍት፣ ቀራጩ ሲቆጥር፣ የተገናኙት ሁለቱ የቀረጸ ልጆች ናቸው።

ጠቢብ ግን ያሳዝናል። በግዕዝ ጠቢብ ዐዋቂ ነው፤ በእጁም በአእምሮውም። ሰሎሞን ጠቢብ ነው። ይኸው ቃል በአማርኛ አፍ «በ»ው ላልቶ ጠይብ ሆነና ለብረት ቀጥቃጩ፣ ለሸክላ ሠሪዋ ተሰጠ፤ ስድብም ሆነ። ጥበብ በነጠላ ጠርዝ ላይ ከብሮ ሲቀር፣ ጥበቡን የሚያውቀው እጅ ተዋረደ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጅ ግን ቃልን ቶሎ አይፈውስም። ከእንጦጦ ግርጌ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ይህን ቃል ኖረውበታል። ጎንደር አጠገብ የወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶችም እንዲሁ። የወለቃ ሴቶች ከጭቃ ትንንሽ ምስል ያወጡ ነበር፤ አንበሳ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። መንገደኛው ገዝቶ ወደ አገሩ ይወስደዋል። ምስሉ ባሕር ተሻግሮ በሰብሳቢ መደርደሪያ ላይ ሲከብር የሠሪዋ ስም እንኳ አብሮ አልሄደም። ስለዚህ ከመገናኛ የሚነሣው ባለ እጅ ከምስሉ ሥር የራሱንም ስም ይጻፍ፤ ከስሙም በፊት ጠቢብ የሚለውን፣ በ«በ»ው።

የመገናኘት ቃል ራሱ ከመፈለግ ይጀምራል። አገኘ፣ የጠፋውን ወይም የተፈለገውን ያዘ፤ ተገናኘ፣ እርስ በርሱ ተገኘ። ሰብሳቢና ሠሪ የሚገናኙት በዚህ በመጀመሪያው ፍቺው ነው፤ እያንዳንዱ ሌላውን ሲፈልግ ቆይቷል። ሰብሳቢ ማለት በአማርኛ የስብሰባ መሪም ነውና፣ «ለንደን ሰብሳቢዎችን ላገኝ ነው» የሚል ሰው ለምን ኮሚቴ እንደሆነ ቢጠየቅ አይድነቀው።

ሻንጣውም መንገደኛ ቃል ነው፤ የቱርኩ «ቻንታ» በግብፅ ዐረብኛ አልፎ የመጣ። ከሻንጣ የቆየው ጓዝ ነው። ከጓዝ ተጓዘ፣ ጉዞ፣ አጓጓዘ ይወጣሉ፤ በአማርኛ መጓዝ ዕቃ ይዞ መሄድ ነው። የጦሩ ጓዝ ደግሞ ከጦሩ ይበልጥ ነበር። በቅሎው፣ አህያው፣ ድንኳኑ፣ ስንቁ፣ ምጣዱ፣ ገንቦው፣ ከሁሉም በላይ ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ሴቶች። አድዋ በፊታውራሪና በቀኛዝማች ብቻ አልተደረሰም፤ ሰው በልቶ ነው የደረሰው። የአውሮፓ ሠሪዎች በ1928 ዓ.ም. ያወጡት ኢትዮጵያዊ ወታደር ብቻውን የቆመ ነው፤ ጓዝ የለውም።

ጓዙ ሲጨመር ስሙም አብሮ ይጨመር። ቤት የሚለው ቃል በቤተ መንግሥት አማርኛ የሥራ ክፍል ነው፦ እንጀራ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ወጥ ቤት። ወጥ ቤት ግን ክፍሉ ብቻ አይደለም፤ የምትሠራዋም ሴት ወጥ ቤት ትባላለች። «ወጥ ቤቷ መጣች» እንላለን። ሰውና ቤት በአንድ ስም ሲጠሩ ከዚህ የጎላ ምሳሌ የለኝም። ድስት የያዘች፣ መቀነቷን ያጠበቀች፣ ከፊታውራሪው እኩል ቁመት ያላት ምስል ትሠራ፤ ከእግሯም ሥር በግልጽ ፊደል «ወጥ ቤት» ተብሎ ይጻፍ።